ምዕራፍ አምስት፦ ከመሬት ከፍ ያለ የጥንቸል የሽቦ ቤት

ከቤት ውጭ በቋሚዎች ላይ የሚቀመጠው ወይም ከጣሪያ አግዳሚ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ወለሉም ግድግዳውም በሽቦ መረብ የሚሠራው የጥንቸል ቤት፣ ዶሮ አርቢዎች ኬጅ ከሚሉት ጋር በመልክ የሚቀራረብ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገለግለው እንስሳዋን ከገዛ በጠጧና ከሽንቷ ለመለየት ነው። የሽቦው ውፍረት፣ የወለሉ ዓይን ስፋት፣ የቤቱ ከፍታና ከሥሩ የሚተወው ባዶ ቦታ በሙሉ ከዚህ ተግባር የሚመነጩ ናቸው። ይሁን እንጂ ይኸው ቤት ጥንቸሏን ከአፈር ይነጥላታል፤ አፈር ደግሞ ለዚህች እንስሳ መሸሸጊያዋ፣ ማቀዝቀዣዋና መውለጃዋ ነው። በመሆኑም የሽቦ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ቤቱ ከጥንቸሏ የሚወስድባትን ነገር አውቆ በሌላ መንገድ ሊመልስላት ይገባል፤ ይህን የማያደርግ ቤት፣ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በአግባቡ ተሠርቷል ሊባል አይችልም።

በዓለም ዙሪያ በሰው እጅ የምትረባው ጥንቸል የመጣችው ከአንድ የዱር ዝርያ ነው፤ ይህም የአውሮፓ ጥንቸል፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ የሚባለው ሲሆን፣ ጥንታዊ መኖሪያው ስፔንና ፖርቱጋል የሚገኙበት የአይቤሪያ ባሕረ ገብ መሬትና ደቡባዊ ፈረንሳይ ነው። በኢትዮጵያ ሜዳና ቁጥቋጦ ውስጥ የሚታዩት የዱር ጥንቸሎች፣ ለምሳሌ የአቢሲኒያ ጥንቸልና በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ የምትገኘው የደጋ ጥንቸል፣ ሌፐስ የሚባል ሌላ ወገን ናቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ለቤት ሠሪው ብዙ ትርጉም አለው። ሌፐሶች ጉድጓድ አይቆፍሩም፤ በሣር መካከል በምትገኝ ጎድጓዳ ስፍራ ይተኛሉ፤ ግልገሎቻቸውም ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የአውሮፓዋ ጥንቸል ግን ከመሬት በታች እርስ በርሱ የተያያዘ ጉድጓድ ቆፍራ በቡድን የምትኖር ሲሆን፣ ግልገሎቿም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ተጨፍኖና ሙቀታቸውን መጠበቅ ሳይችሉ ይወለዳሉ። ስለዚህ በመሬት ላይ በተሠራ አጥር ውስጥ የምትቀመጥ የቤት ጥንቸል ከአጥሩ ሥር ቆፍራ ትወጣለች፤ በሽቦ ወለል ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ልትወልድ ስትል የምትቆፍረው አታገኝም።

አርቢዎች ጥንቸልን ከመሬት ከፍ አድርገው ለማኖር ከተገደዱባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጡት አይሜሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋስያን ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በአንጀት፣ አይሜሪያ ስቲዴ የተባለው ደግሞ በጉበት ውስጥ ይራባሉ። ከታመመችው ጥንቸል በጠጥ ጋር የሚወጣው የተህዋሱ ዕንቁላል መሰል ቅርጽ ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፍም፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ባገኘበት ስፍራ ከአንድ ቀን እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከበሰለ በኋላ ነው ሌላዋን እንስሳ ሊያሳምም የሚችለው። በጭድ በተነጠፈ መሬት ላይ ይህ ጊዜ በቀላሉ ይገኛል፤ ጥንቸሏ በበጠጧ ላይ ትሄዳለች፣ እግሯን ትልሳለች፣ የወደቀ ድርቆሽ አንሥታ ትበላለች። በጠጡ በሽቦው ዓይን አልፎ ወደ ታች ሲወድቅ ግን ተህዋሱ ከመብሰሉ በፊት ከጥንቸሏ አፍ ይርቃል። የሽቦ ወለል በሽታውን ፈጽሞ ያጠፋል ማለት ባይቻልም፣ በተለይ ጡት የጣሉ ግልገሎችን በብዛት የሚገድለውን የመተላለፍ ዑደት በመድኃኒት ሳይሆን በአሠራር ያቋርጣል።

እዚህ ላይ የጥንቸልን ሥነ ሕይወት የሚያውቅ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ነገር ታስወጣለች፤ አንዱ ደረቁና ክቡ በጠጥ ሲሆን፣ ሌላው ዕውር አንጀት በተባለው ሰፊ የአንጀት ክፍል ውስጥ በባክቴሪያዎች የተብላላ፣ በፕሮቲንና በቫይታሚን ቢ የበለጸገ ለስላሳ ዘለላ ነው። ጥንቸሏ ይህን ሁለተኛውን መልሳ ካልበላች ጤናዋ ይጓደላል፤ ታዲያ የሽቦው ወለል ይህን ምግቧን አያሳጣትም ወይ? አያሳጣትም፤ ምክንያቱም ለስላሳውን ዘለላ የምትወስደው ጎንበስ ብላ በቀጥታ ከመውጫው ስለሆነ ወለል ላይ አይደርስም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር እያነሣ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ እንዳትበላ የሚያዝ ሲሆን፣ እንስሳዋ እንደ በግ ባለ አራት ክፍል ጨጓራ ባይኖራትም፣ የምትበላውን ሁለት ጊዜ በአንጀቷ ማሳለፏ ከማመስኳት ጋር የሚቀራረብ ጥቅም አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ይህን የኦሪት ሥርዓት ስለሚጠብቁ፣ በብዙ ቤቶች ጥንቸል የምትኖረው ለልጆች ጓደኝነት ወይም ለጓሮ ማዳበሪያ እንጂ ለሥጋ አይደለም፤ የቤቱ አሠራር ግን በዓላማው ብዙም አይለወጥም።

ጥንቸልን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ቤት ለማኖር የሚያስገድደው ሁለተኛው ምክንያት አየር ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያዎች ሲበሰብስ የሚፈጠረው አሞኒያ የተባለው ሹል ሽታ ያለው ጋዝ፣ የአፍንጫንና የመተንፈሻ ቧንቧን ስስ ሽፋን ያቆስላል፤ ፓስቱሬላ መልቶሲዳ የተባለው ባክቴሪያም በቆሰለው ሽፋን በኩል ገብቶ ማስነጠስን፣ ነጭ የአፍንጫ ፈሳሽንና ውሎ አድሮ የሳንባ ምችን ያስከትላል። አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ የሽቦ ቤት ይህ ጋዝ እንዲጠራቀም አይፈቅድም፤ የእንጨት ሳጥን ቤት ግን ሽንቱን መጥጦ ለወራት ሲተፋው ይኖራል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የጥንቸል ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት ሳጥን ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ፎንታና በተባለችው ከተማ ጥንቸልን ብቻ የሚያጠና ጣቢያ አቋቁሞ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ስለ አመጋገብ፣ ስለ መራቢያና ስለ ቤት አሠራር አርቢዎችን ያማክር ነበር። ውርጭ የማይበረታበትና ዝናብ የማይበዛበት የካሊፎርኒያ አየር ጎኑ ክፍት ለሆነ ቤት ስለሚመች፣ እንጨቱ ቀስ በቀስ ከቤቱ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የሽቦ የሆነው ቤት በዚያ አካባቢ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። የኢትዮጵያ ወይና ደጋ በሙቀት ለዚህ አየር ቅርብ ቢሆንም የክረምቱ ዝናብ ከካሊፎርኒያ ፈጽሞ ስለሚለይ፣ ቤቱ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም፤ ጣሪያው እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ሽቦ ሲመረጥ የመጀመሪያው ስሕተት የዶሮ ሽቦ መግዛት ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ዓይን ያለው ይህ መረብ ቀጭን ሽቦ ተጠማዝዞ የተሠራ በመሆኑ፣ ከጥንቸል ጥርስም ሆነ ከውሻ ጥርስ አይጠብቅም፤ ወለል ሆኖ ሲዘረጋም ይረግባል፣ የግልገሎችንም እግር ይቀረቅራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሽቦዎቹ በተገናኙበት ነጥብ ሁሉ በብየዳ የተያያዙበት መረብ ነው። ለግድግዳና ለጣራ ዓይኑ 2.5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ መረብ ይበቃል፤ ለወለል ግን ዓይኑ ከ1.25 በ2.5 ሴንቲሜትር መብለጥም ማነስም የለበትም። ከዚህ ሲሰፋ የትናንሾቹ እግር ይሾልካል፣ ሲጠብ ደግሞ በጠጡ አያልፍምና ወለሉ ተደፍኖ ጥንቸሏ እንድትርቀው በተፈለገው ነገር ላይ እንድትተኛ ትገደዳለች። ውፍረቱን በተመለከተ ሻጮች በጌጅ ይናገራሉ፤ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው የሚቀጥንበት መለኪያ ሲሆን፣ 14 ጌጅ ወደ 2 ሚሊሜትር፣ 16 ጌጅ ደግሞ ወደ 1.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ለአራት ወይም ለአምስት ኪሎ ጥንቸል ወለሉ 14 ጌጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ወፍራም ሽቦ አይረግብም፣ ለእግርም ይለሰልሳል።

ዝገትን የሚከላከለው በሽቦው ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ይህ ልባጥ ከብየዳው በፊት ወይም ከብየዳው በኋላ ሊደረግ ይችላል። አስቀድሞ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ሲበየድ ሙቀቱ በመገናኛው ነጥብ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል፤ ሽንት የሚያርፈውና ጠጉር የሚጠመጠመው ደግሞ በዚሁ ነጥብ ላይ ስለሆነ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከተበየደ በኋላ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረው መረብ መገናኛው ላይ ወፈር ያለና ሸካራ ልባጥ ስለሚታይበት በዓይን ይለያል፤ ዋጋው ቢበልጥም ለወለል የሚገዛው እርሱ ነው። ገንዘብ የሚያጥረው ሠሪ ከጣራውና ከግድግዳው ቢቆጥብ ብዙ አይጎዳም፤ ከወለሉ የሚቆጥብ ግን የሚቆጥበው ከጥንቸሏ እግር ነው።

መካከለኛ ክብደት ላላት እናት በብዛት የሚሠራው ቤት 90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 75 ሴንቲሜትር ጥልቀትና 45 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። ጥልቀቱ ከ75 እንዳይበልጥ የሚደረገው በበሩ በኩል የገባ የሰው ክንድ የኋላው ጥግ ላይ ያለችውን ጥንቸል መድረስ ስላለበት ነው። ወርዱ 90 ሴንቲሜትር የሆነ ጥቅልል መረብ ከተገኘ አቆራረጡ ብክነት የለውም፤ 165 ሴንቲሜትር ተቆርጦ በቁመቱ እኩል ሲከፈል 45 ሴንቲሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይወጡታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 90ኛው ሴንቲሜትር ላይ በሞራሌ ጠርዝ ተደግፎ ሲታጠፍ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ግድግዳ ይሆናል። ሁለቱ ሲጋጠሙ አራቱ ግድግዳ ይሞላል። ለጣራው ከዚሁ ጥቅልል 75 ሴንቲሜትር፣ ለወለሉም ከጠባቡ መረብ ያንኑ ያህል ይቆረጣል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የሚቀሩት ሹል ጫፎች በፒንሳ እስከ ሥራቸው ተቆርጠው በሞረድ መለስለስ አለባቸው፤ የጥንቸል ዓይንና ቆዳ በእንዲህ ዓይነቱ ጫፍ በቀላሉ ይጎዳል።

ጠርዞቹን ለማያያዝ በፒንሳ ተጨፍልቀው ሁለት ሽቦዎችን አንድ ላይ የሚያንቁ ትናንሽ የብረት ቅንጥቦች ይሠራባቸዋል፤ እነርሱ በማይገኙበት ቦታ ዝገት የማይዘው ሽቦ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ በየ8 ወይም በየ10 ሴንቲሜትሩ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ የተጠመዘዘው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲሆን ግን ግድ ነው። ወለሉ ሲገጠም በ1.25 ሴንቲሜትር ልዩነት ተቀራርበው የሚሄዱት ሽቦዎች ወደ ላይ መዞር አለባቸው፤ መረቡ ቢገለበጥ እግሯ በ2.5 ሴንቲሜትር በተራራቁት ሽቦዎች ላይ ስለሚያርፍ ክብደቷ በጥቂት መስመሮች ላይ ይከማቻል። በሁለቱ አገጣጠሞች መካከል የዋጋም ሆነ የድካም ልዩነት የለም፤ ቢሆንም በገበያ የሚሸጡ ቤቶች ሳይቀሩ አንዳንድ ጊዜ ተገልብጠው ይታያሉ። በተጨማሪም ከወለሉ ጀምሮ እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ድረስ ግድግዳው በወለሉ ጠባብ መረብ ዙሪያውን መደረብ ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ ከጎጇቸው የወጡ ግልገሎች በግድግዳው ሰፊ ዓይን አልፈው መሬት ላይ ይወድቃሉ።

በሩ መውለጃ ሳጥኑን ያለ ችግር ለማስገባት ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲሜትር ቢከፈት መልካም ነው። ከክፍተቱ በየጎኑ ጥቂት የሚተርፍ የመረብ ቁራጭ ከላይ ታስሮ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንዲከፈት ቢደረግ፣ መቀርቀሪያው ቢረሳ እንኳ በሩ በገዛ ክብደቱ ይዘጋል፤ ጥንቸሏም ከውስጥ ስትገፋው ይበልጥ ይጠብቃል።

ቤቱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይኖርበታል። ከፍታው ለሚያጸዳው ሰው ወገብ የሚያመች ከመሆኑ በላይ፣ በጠጡ ከወለሉ ርቆ እንዲወድቅና ውሻ ከሥር ገብቶ በወለሉ በኩል የጥንቸሏን ጣት እንዳይነክስ ያደርጋል። ቋሚዎቹ ከአጣና ወይም ከሞራሌ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሬት የሚገባው ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባ ምስጥን ለጊዜው ይከለክላል፤ ይሁንና ዘይቱ ጥንቸሏ ልታኝክ ከምትደርስበት ቦታ መራቅ አለበት። አግዳሚዎቹ በቤቱ ጠርዝ በኩል እንጂ ከወለሉ ሥር እንዳያልፉ መጠንቀቅ ያሻል፤ ከወለል ሥር ያለፈ እንጨት በጠጥ እያጠራቀመ መበስበሱ አይቀርም። ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ቤቱን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በአራት ወፍራም ሽቦዎች ማንጠልጠል ሲሆን፣ እንዲህ ሲደረግ ከሥሩ አንዳች መሰናክል አይኖርም፤ አይጥም የምትወጣበት መንገድ ይጠብባታል። ጉንዳን በሚበዛበት ስፍራ ራቁታቸውን የተወለዱ ግልገሎች በአንድ ሌሊት ሊያልቁ ስለሚችሉ፣ የየቋሚው እግር ዘይት በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ቢቆም ብዙ ነፍስ ያድናል።

ከፍታው ግን ከድንጋጤ አይጠብቅም። ሸለምጥማጥ በጣራው ላይ ሲራመድ ወይም ውሻ ከሥር ሲጮህ ሽቦው ባይበጠስም፣ ጥንቸሏ በፍርሃት ስትራገጥ ከጠንካራ የኋላ እግሮቿ ጉልበት የተነሣ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። ስለዚህ ቤቱ በአጥር ግቢ ውስጥ መሆኑና ጥንቸሏ የምትሸሸግበት ጨለማ ጥግ ማግኘቷ የደኅንነቷ አካል ነው።

ሙቀት በዚህ ርዕስ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው። ጥንቸል በላብ አትቀዘቅዝም፤ ትርፍ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስወጣው የደም ሥሮቻቸው በሚሰፉት ጆሮዎቿና በፈጣን ትንፋሽ ነው። የሚስማማት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ሲሆን፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ ወንዱ ለጊዜው ይመክናል፣ እናቲቱም መብላት ትቀንሳለች፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ነፋስ በሌለበት ሞት ይመጣል። በዱር ብትሆን ኖሮ ቀዝቃዛ ጉድጓዷ ውስጥ ትገባ ነበር። በሽቦ ቤት የምትኖር ጥንቸል ከጣሪያው ጥላ በቀር መሸሻ የላትም። ቆርቆሮ ዝናብን ቢከላከልም የእኩለ ቀን ፀሐይን ሙቀት ወደ ታች ስለሚተፋ፣ ከሥሩ ሣር ወይም ቀርከሃ ቢደረብበት፣ በቆርቆሮውና በሽቦው ጣራ መካከልም ነፋስ የሚያልፍበት ሰፊ ክፍተት ቢተው ይመረጣል። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ ሲደረግ የጧትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው አጭሩን ጎን ብቻ ይሆናል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች የዛፍ ጥላ ከማንኛውም ጣሪያ ይበልጣል፤ በጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶም በቤቱ ውስጥ ቢቀመጥ ጥንቸሏ ተጠግታው ትተኛለች። ብርድ ግን፣ ደረቅ እስከሆነችና ነፋስ እስካልመታት ድረስ፣ ለአዋቂ ጥንቸል ብዙም አያሳስብም፤ በደጋ የሚያስፈልገው ጣሪያውን ከቤቱ ጠርዝ ከግማሽ ሜትር ላላነሰ ርቀት ማሳለፍና ዝናብ በሚነፍስበት ጎን የሚጠቀለል የጆንያ መጋረጃ መስቀል ነው።

የሽቦ ወለል ትልቁ ተቃውሞ የሚነሣበት በእግር ቁስል ምክንያት ነው። ጥንቸል እንደ ውሻ የእግር መዳፍ ትራስ የላትም፤ ከአጥንቷ በታች ያለው ጠጉርና ስስ ቆዳ ብቻ ስለሆነ፣ ሲበዛ ክብደት ያላቸው ዝርያዎችና እንደ ሬክስ ያሉ የእግር ጠጉራቸው አጭር የሆነ ዝርያዎች በኋላ እግራቸው ተረከዝ ላይ ይቆስላሉ። መፍትሔው የወለሉን ሲሶ የሚሸፍን፣ እየወጣ የሚታጠብ የማረፊያ ሰሌዳ ማስቀመጥ ነው፤ ሰሌዳው በጠጥ የሚይዝ ከሆነ በሌላ መቀየር፣ እግሯንም በየሳምንቱ ገልብጦ ማየት ተገቢ ነው። ከዚህም ባሻገር ጠባብ ቤት ራሱ ክርክር ያለበት ነው። ኦስትሪያ ጥንቸልን ለሥጋ በጠባብ የሽቦ ቤት ማድለብን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከልክላለች፤ በብሪታንያ የጥንቸል ደኅንነት ማኅበርም ለሁለት የቤት ጥንቸሎች ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ስፍራ ይመክራል። ይህ ምክር ትክክል ነው፤ በኋላ እግሯ የምትቆምና የምትሮጥ እንስሳ በ75 በ90 ሴንቲሜትር ውስጥ ዕድሜ ልኳን ስትቀመጥ አጥንቷና ጡንቻዋ ይዳከማል። የሽቦው ቤት የማደሪያና የመመገቢያ ስፍራ ሆኖ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ሰው በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ መውጣቷ ከተጨመረበት የንጽሕናውም የመንቀሳቀሱም ፍላጎት ይታረቃል።

የምትወልድ እናት ከሆነች መውለጃ ሳጥን ጉድጓዷን ይተካላታል። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ስለሆነ፣ 45 ሴንቲሜትር ርዝመትና 25 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው የእንጨት ሳጥን በ28ኛው ቀን ይገባላታል፤ ቀደም ብሎ ቢገባ መጸዳጃ ታደርገዋለች። የጤፍ ጭድ ወይም ለስላሳ ድርቆሽ ከተነጠፈበት እርሷ የሆዷን ጠጉር ነቅላ ታለብሰዋለች። እናቲቱ በቀን ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጥብታ ትወጣለችና፣ ግልገሎቿን ትታለች ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የግልገሎቹ ዓይን ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ሦስት ሳምንት ሲሞላቸውም ሳጥኑ ይወጣል።

ለምታጠባ እናት ውኃ ያለ ማቋረጥ ሊደርሳት ይገባል፤ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ የምትጠጣበት ጊዜ አለ። የጥንቸል ሽንት ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ በወለሉ ጥግ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ይህን በብረት መፋቅ ዚንኩን ስለሚገፍፈው፣ አቼቶ አፍስሶ ካሟሟ በኋላ በብሩሽ ማጠብ ይሻላል።

ከቤቱ ሥር የሚከማቸው በጠጥ የአርቢው ሁለተኛ ምርት ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ሽታም ዝንብም አያበዛም፤ ዝንብ የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያፈስ የውኃ መጠጫ የተነሣ ክምሩ ሲረጥብ በመሆኑ፣ ዝንብ ያየ ሰው አስቀድሞ መጠጫውን ቢመረምር ምክንያቱን ያገኛል። በረጠበው ላይ ደረቅ አመድ ወይም ሰጋቱራ ይነሰነሳል። ብዙ አርቢዎች በክምሩ ውስጥ የምድር ትል ያራባሉ፤ ትሉ በጠጡን ወደ ጥቁር ልል አፈር ይለውጠዋል። የጥንቸል በጠጥ ከዶሮ ኩስ በተለየ ተክልን እምብዛም ስለማያቃጥል፣ ለጎመንና ለቆስጣ ሥር በመጠኑ ሊደረግ ይችላል፤ ጥሬ ለሚበሉ እንደ ሰላጣና ካሮት ላሉት ግን አስቀድሞ ለጥቂት ወራት ተከምሮ መብላላት አለበት።